ስለ ዘይነባ የደወለው ሰውዬ

«ስልኳ ለወራት ባይሠራ የሚጨነቅላት ሰው አለ?»

ዛሬ ከሰዓት ከውጭ አገር ተደውሎ የተጠየቅኩት ይሄን ነው።

ዘይነባ ከሚሴ ባለው መድኃኒት ቤቴ ትሠራ ነበር። ዓረብ አገር ሆስፒታል ለመቀጠር አመልክታ፣ ስለ እሷ እንድመሰክር የኔን ቁጥር ሰጥታለች።

ሰውዬው አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ስለ ሥራዋ ግን አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

«የትኛው ሆስፒታል ነው?» አልኩት።

«ስትመጣ ይነገራታል።»

ይሄኔ ጠረጠርኩ። «ወንድሞቿ ብዙ ናቸው፤ አንደኛው ፖሊስ ነው» አልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሷ ለእናቷ አንድ ልጅ ናት።

ስልኩን ዘጋብኝ።

ወዲያው ለዘይነባ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። «ጋሼ፣ እርስዎ እንጀራዬን ዘጉብኝ» ብላ አለቀሰች።

ወላሂ፣ እኔ አሁንም ሰውዬውን አላመንኩትም።

ውጭ አገር የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ስለ እናንተ የመሰከሩ ሰዎች እንዲህ ተጠይቀው ያውቃሉ? የሚያውቅ ይጻፍልኝ፤ እሷም ታነበዋለች።