ዳማከሴ ያዳነው ሽማግሌ

አያ ዘውዱ ሰው መናቅ የጀመረው ገና ድክ ድክ ሲል ሳይሆን አይቀርም። ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ግርጌ ድንበር የተገፋበት፣ ደም የተቃባ፣ ሚስቱ የኮበለለችበት ሁሉ ሽማግሌ ሲፈልግ የሚጠራው እርሱን ነበር። እርሱ ሲናገር በዳይ ያልበዋል፣ ተበዳይ ያለቅሳል። አንደበቱ ርቱዕ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ችግሩ፣ አንደበቱ ስለተባ ብቻ ሁሉን የሚያውቅ መሰለው።

ጤና ጣቢያ ደም ግፊቱን ለክተው፣ «አባት፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል፤ ይህን ክኒን በየቀኑ ይውሰዱ፣ ጨውና አረቄም ይቀንሱ» ሲሉት ፊት ለፊታቸው ሳቀ። ራሱን አላመመው፣ ዐይኑ አልፈዘዘ፤ ታዲያ ምን የሚሉት በሽታ ነው? ክኒኑን ጥቂት ቀን ውጦ ተወው። ጎረቤቱ ሙላቴ ግን ያንኑ ክኒን ጧት ጧት ሳያስታጉል ይውጣል።

«ሙላቴማ ጨው የሌለው ሽሮ እየላሰ የማቱሳላን ዕድሜ ይኖራል! ወንድ መሆኑን ማን በነገረው!» ይልና አያ ዘውዱ ቁርጡን በአረቄ ያወራርዳል።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ተመልሶ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ዋንጫው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ምላሱ ተኮላተፈ፣ ከንፈሩም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ልጁ ዓይናለም ኩዌት ሳለች ግማሽ ጎኗ የማይንቀሳቀስ አሮጊት ስታገላብጥና ስታጥብ ኖራለች፤ እንዳየችው ክው አለች።

«አባ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ። ሁለቱንም እጅዎን ያንሡ።»

ፈገግታው ተንጋደደ፤ ቀኝ እጁም ከፍ ሳይል ወደቀ።

«ይኼ ስትሮክ የሚሉት ነው! ባጃጅ ልጥራ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት!»

አዋቂ የሞላበት ሰፈር ነውና ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቀደማት። ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተሸምጥጦ፣ ታሽቶ፣ ጭማቂው አፍንጫው ውስጥ ገባ፤ አያ ዘውዱም በጋቢ ተጠቀለለ። ብዙ ሳይቆይ ከንፈሩ ተቃና፣ እጁም ታዘዘለት። የመጀመሪያ ቃሉ ስድብ ነበር።

«የዓረብ አሮጊት ያጠበች ሁሉ ሐኪም ሆነች! እጅዎን ያንሡ ትለኛለች፣ እንደ ተማረከ ወታደር!»

«አባ፣ ለቀቀዎ ማለት ዳኑ ማለት አይደለም። ኋላ ጠንክሮ ይመጣል፤ ዛሬውኑ እንሂድ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ቅጠሉንማ አሸተትሁት፤ አዳነኝ።»

ደጃፉ ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ዓይናለም አለቀሰች። ለነዚያ ሞኞች ግን ነገሩ ያለቀ መሰላቸው፤ በራሱ ጊዜ የለቀቀውን ሕመም ቅጠሉ ፈወሰው ብለው አመኑ።

በዚያው ሰሞን ሀብታሙ የሚባል ጥጋበኛ የሙላቴን ድንበር ገፋ። ጉልበተኛ ስለሆነ ሰው ይፈራዋል። እርሱ የሚፈራው የአያ ዘውዱን ምላስ ብቻ ነበር። አያ ዘውዱም ሙላቴን ቢንቅ እንኳ ግፍ አይወድም፤ «እሑድ ሽማግሌ እንቀመጥ፤ ያን ወስላታ አዋርደዋለሁ» ብሎ ቀጠረ።

እሑድ ጧት ከአልጋው ሊነሣ ሲል ቀኝ ጎኑ ከዳው። አፉ ተጣመመ። ዓይናለም ባጃጅ ልትጠራ ስትሮጥ፣ በቀረችው ምላሱ «ዳ… ዳማ…» አለ። ሰፈሩ ደግሞ ከዱሮም ለቃሉ አዳሪ ነው፤ ልጅቷን ይዘው አስቀርተው ቅጠል አሹለት። እንደ ባለፈው ይለቀዋል ብለው ሲጠብቁ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ዓይናለም ተጣልታ፣ ተሳድባ ሐኪም ቤት ስታደርሰው፣ «ምነው እንደጀመረው ብታመጡት ኖሮ!» አሏት።

ነፍሱ ተረፈች፤ ምላሱ ግን አልተመለሰም። ሙላቴ ክኒኑን ውጦ፣ በሬውን ጠምዶ ከእርሻ መልስ እየመጣ ይጠይቀዋል። የናቁት ያደርጋል ራቁት ይባላል፤ ሙላቴ ግን ጨዋ ነውና ይህን አፉ ላይ አላመጣውም።

የድንበሩ ነገር እንደገና ሲነሣ ሀብታሙ ሽማግሌ ምረጥ ተባለ። ብድግ ብሎ ነጠላውን አጣፋ።

«ከአያ ዘውዱ ሌላ አልፈልግም። እርሳቸው የተስማሙበት ይሁን።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አያ ዘውዱን ከነወንበሩ ተሸክመው መካከል አስቀመጡት። የሚለው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ቃሉ ተሰናድቶ፣ ስድቡ ተስሎ። ታገለ። ልጋጉ አገጩ ላይ ወረደ። ራሱን ቢያወዛውዝ ሕመሙ ነው አሉ። ሀብታሙ ቀረብ ብሎ በነጠላው ጫፍ አገጩን ጠረገለትና ወደ ሰዉ ዞረ።

«አያችሁ፣ ዝም አሉ። ተስማምተዋል።»