የሀረገወይን የብረት በር

ሀረገወይን ወታደር ባሏን ተከትላ ነጌሌ የገባችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። ባሏ አስር አለቃ ቢረሳው ጡረታ ሲወጣ «ጎጃም እንመለስ» ቢላት «እዚህ ማን ነክቶን?» ብላ እምቢ አለች። እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ በሯ ገርበብ ብሎ ይውላል። ወተት የምትሸጠው ጎረቤቷ ዱረቲ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደሩ እትዬ?» እያለች ሳታንኳኳ ትገባና ራሷ ቀድታ ትወጣለች።

ኋላ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። የአንዱ ስልክ በጠራራ ፀሐይ ተነጠቀ፣ የሌላው ፍየል ከግቢው ጠፋ። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ «ሰፈራችሁ ሰላም ነው ወይ?» አለ። ይሄም ይጠየቃል? ሰዉ ሆዱ ያለውን ዘረገፈው። እዚያ አንዲት ሴት ተነስታ ፊልቱ ከተማ ሆነ ሲሉ ሰማሁ ያለችውን አወራች። ሌቦቹ የጎረቤት ሴት ይይዙና ካራ አንገቷ ላይ አድርገው በር እንድታንኳኳ ያደርጓታል። «ልጅሽ ወደቀ፣ ባልሽ ተመታ» ያስብሏታል። የከፈተ አለቀለት።

በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም። አይ ወሬ፣ እሳት ይብላውና! ሀረገወይን ግን ይዛው መጣች። ቤት ለቤት ዞራ «የገዛ እህታችሁ ብትጮህ እንዳትከፍቱ!» እያለች ሰፈሩን አስማለች። ቢረሳው «ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አታስበርግጊ» ቢላት ማን ሊሰማው! የቆርቆሮውን በር አስነቅላ የብረት አስገጠመች።

አንድ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንዱ ሁሉ ከብት ተራ ወርዶ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ቢረሳው ምላጭ ልግዛ ብሎ ወጣ ካለ ቆይቷል። በሩ ተደበደበ።

«እትዬ ሀረገ! ይክፈቱ! ጋሼ ቢረሳውን መትተዋቸዋል፣ ደማቸው እየፈሰሰ ነው! ባኒ፣ ባኒ! ኧረ ይክፈቱ!»

የዱረቲ ድምፅ ነው። ሀረገወይን ሮጣ ወጣች፤ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ደረሰ። ወዲያው የስብሰባው ወሬ ትዝ አላት። «ባልሽ ተመታ» ያስብሏታል አላለችም ሴትዮዋ? አንዴ ቢረሳው መሬት ላይ ተዘርሮ ይታያታል፣ አንዴ ከዱረቲ ጀርባ ካራ የያዘ ጎረምሳ። «እመቤቴ፣ ምን ይሻለኛል?» አለች። ብዙ ቆመች። በመጨረሻ እጇን ሰብስባ ጓዳ ገባችና ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች።

ዱረቲ ወደሚቀጥለው በር ሮጠች፣ ከዚያም ወደሌላው። ማንም አልከፈተም። አስምላቸው የለ!

ብቻዋን ቢረሳው ወደወደቀበት ተመልሳ እየጎተተች ጥላ ስር አደረሰችው፤ ሻሿን አውልቃ ቁስሉን አሰረችለት። ባጃጅ ከዋናው መንገድ እስኪገኝ ብዙ ደም ፈሰሰው። ቢረሳው ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

ለቅሶው ላይ ሰዉ ዱረቲን ከቧት «ምን አለሽ? ምን ተናገረ?» ይላታል። እሷ ውኃ ልቅዳ ብላ ትነሳለች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል ሄዳ ሀረገወይን አጠገብ ተቀመጠች።

«‹ሀረጌን ጥሪልኝ› አሉኝ» አለቻት ቀስ ብላ። «ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔ ምን ልበል? ‹የሉም ጋሼ፣ ገበያ ወርደዋል› አልኳቸው።»

ሀረገወይን ቀና ማለት አቃታት። «እሱስ ምን አለ?»

«‹እንኳን ቤት አልዋለች፤ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ትደነግጥብኝ ነበር› አሉ።»