የተቀደደው መግለጫ

መምህሬ ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏል፤ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን ቁምሳጥን በከፈትኩ ቁጥር ግን ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል። ገና አንድ ቅጠል ሳልነካ፣ «ሽታ ዘመድ አያደርግም፣ አንቺ ልጅ» ይሉኛል።

ያጣላችንን ተክል ከሐዋሳ ዳር፣ ከቡሹሎ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ግንዷ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሏ ሲታሽ ልክ እንደ ዳማከሴ ይሸታል። ምች የመታው ሰው ቢያገኛት ሳይጠይቅ ጨምቆ ይጠጣት ነበር። እኔም ከዳማከሴና ከበሶብላ ወገን መደብኳት። እሳቸው አበባዋን ከፍተው አዩና «አይደለችም» አሉ። ተማሪዎች ባሉበትም «አፍንጫሽን ትተሽ ዓይንሽን ተጠቀሚ» ብለው አሳቁብኝ። ቂሙ አልወጣልኝም።

በእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ፤ ከተክሉ አጠገብ የተለጠፈ የቀደመ ሰው መግለጫ አይነካም። ያልተስማማ የራሱን ከጎኑ ይለጥፋል፤ የሞተ ሰው ስህተት እንኳ እዚያው ይኖራል። እኔ ግን በሞቱ በዓመቱ ቁምሳጥኑን ሳጸዳ የእሳቸውን ነቅዬ ቀደድኩና የእኔን ለጠፍኩ። ከጽሑፋቸው የገለበጥኩት «ሐዋሳ አካባቢ» የሚለውን ብቻ ነው። ማንም አላየኝም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለፈው ዓመት ከቅጠሏ ቁራጭ ለዘረመል ምርመራ ላክን። መልሱ ሲመጣ የዳማከሴ ወገን አይደለችም። ከምናውቃቸው ከአንዳቸውም ጋር አትገጥምም፤ ከጥንት ተገንጥላ ብቻዋን የቀረች ቅርንጫፍ ናት። ከመልሱ ግርጌ የመርማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ነበረበት፦ በትክክል የተገኘችው የት ነው? አበባዋን ከነሕይወቷ ማየት እንፈልጋለን።

ክው አልኩ። በቀደድኩት መግለጫ ላይ ቦታውን የሚናገሩ፣ በእርሳስ የተጻፉ አራት መስመሮች ነበሩ፤ ቡሹሎ ከሚለው በቀር አንዱም ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐዋሳ ታቦር ሰፈር በባጃጅ ወደ ቡሹሎ እሄዳለሁ። በየአጥሩ ሥር ቅጠል እያሸሁ አሸታለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከጓሯቸው ሆነው አዩኝ።

«ምን ጠፋሽ ልጄ?»

«ዳማከሴ የሚመስል ተክል ነው እማማ፣ ግን ዳማከሴ አይደለም።»

«ድሮ አንድ አስተማሪ እንደ አንቺ እየመጡ ይፈልጉ ነበር። እሳቸው ግን አያሸቱም፤ ጎንበስ ብለው አበባውን ነው የሚያዩት።»

«የቱ ጋ ነበር የሚቆሙት?»

«እንጃ ልጄ። ይሄ ሁሉ ሳይታረስ፣ ሳይታጠር ነው።»

ሰኞ ጠዋት ቁምሳጥኑን ከፍቼ ከራሴ መግለጫ ጎን አዲስ ለጠፍኩ፦ «መምህሬ ትክክል ነበሩ። የተገኘችበትን ቦታ ጽፈውት ነበር፤ እኔ ቀደድኩት።» ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት። ሕጉ ሕግ ነውና ማንም አይነቅለውም።