መጋረጃ ሰፊዋ የፈታችው ቋጠሮ

መጋረጃ ሰፊዋ የሌላ ሰው ስፌት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ሱቋ ውስጥ ሦስት ሠራተኞች አሏት፤ የሦስቱንም ሥራ ወጥተው ሲሄዱ ተርትራ እንደገና ትሰፋዋለች። ልዩነቱን ያየ ደንበኛ እስካሁን አልተገኘም።

ከሁሉም የማታምነው ግን ልጇን ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅቷ ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት ስታመጣ፣ ልጁ እጁን ከእጇ መንጭቆ መንገድ ገባና መኪና ገጨው። ተረፈ፤ እግሩ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። እናት ያን ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «ከእንግዲህ አንቺን አምኜ የማስይዝሽ ነገር የለም» አለቻት። ንዴቷ በረደ፤ ቃሏ ግን አልበረደም። የቤቱን ቁልፍ እንኳ የምትተወው ለጎረቤት ነው።

ታዲያ ዛሬ ከከተማው ጫፍ፣ አሮጌው ዓለት ሥር ምን ልትሠራ መጣች? ልጅቷ ዓለት እንድትወጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምናት ከርማ ነው። ቦታው ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ትውልድ ዓለት መውጣት የተማረው እዚህ ነው። ዓለቱ ላይ የተተከሉትን፣ ገመድ የሚያልፍባቸውን የብረት ቀለበቶች እያደሱ ጀማሪ የሚያስተምሩት ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ ሚስማር» የሚላቸው፣ ዘንድሮ ልጅቷን ረዳት አድርገዋታል።

ልጅቷ የእናቷን የወገብ ቀበቶ አጠበቀች፣ ገመዱን ቋጠረችላት፣ ሁለቴ ፈተሸችው። ከዚያ ጓንቷን ልታመጣ ዞር አለች። እናት ጉድ የሠራችው ይኼኔ ነው። ቋጠሮውን ፈታችና ሠላሳ ዓመት ክር ስትቋጥር በኖረችበት ዘዴ መልሳ አሰረችው። ትንሽዬ፣ ንጹሕ ቋጠሮ ናት፤ ለክር ወደር የላትም። አውራ ጣት ለሚያክል ገመድ ግን አትሆንም።

«እግርሽን እመኚው እማዬ! አዎ፣ እንደሱ!»

ልጅቷ ላይኛው ቀለበት ውስጥ አልፎ የተመለሰውን ሌላውን የገመድ ጫፍ ከታች ይዛላት፣ እናት ስድስት ሜትር፣ ስምንት ሜትር ወጣች። ላቡ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ላይኛው ቀለበት አጠገብ ስትደርስ፣ የልጅቷ ድምፅ በአንዴ ተለወጠ።

«እማዬ፣ እንዳትንቀሳቀሺ። ቋጠሮውን ማን ነካው?»

እናት ጎንበስ ብላ አየች። ከቋጠሮው የተረፈው የገመድ ጫፍ ቅድም አንድ ስንዝር ነበር፤ አሁን የጣት ያህል ቀርቶታል።

«እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ከታች ገመዱን ሳትስብ ጨብጣ ያዘችው።

«እሺ። ቀበቶሽ ላይ መንጠቆ ያለው አጭር ማሰሪያ አለ። መንጠቆውን ቀለበቱ ውስጥ አስገቢው። አትቸኩዪ።»

አንድ እጇን ከድንጋዩ ላላቅቅ ብትል ጣቶቿ እምቢ አሏት። እንደምንም አላቀቀች። መንጠቆው አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ፣ በሦስተኛው ቀጭ አለ። ወዲያው ቋጠሮው ተፈታ። እናት የምታደርገው ቢጠፋት የሚያመልጠውን ገመድ ልክ እንደ ክር በጥርሷ ያዘችው።

ልጅቷ ገመዱን ለጋሼ ሚስማር አስይዛ፣ ድንጋይ ፈላጮቹ በጎን በኩል በቆረጡት ደረጃ እየሮጠች ወጥታ እናቷ አጠገብ ደረሰች። ገመዱን ከእናቷ አፍ ተቀብላ ቋጠረችው። እንደ ቅድሙ ሁለቴ ፈተሸችው።

«ስላላመንኩሽ ነው የፈታሁት» አለች እናት።

«አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳውቀው ነው የኖርኩት።» ልጅቷ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። «ግድ የለም፣ ጋሼ ያውርዱሽ። እሳቸው ይሻሉሻል።»

እናት ቁልቁል አየች። ሽማግሌው ገመዱን ይዘው አንጋጠዋል። አርባ ዓመት ሰው ያወረዱ እጆች ናቸው፤ በሷ ቦታ ማንም ሰው እሳቸውን ይመርጥ ነበር።

«ውረጂና አንቺው ያዢኝ» አለች። «አለዚያ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ልጅቷ ወርዳ ገመዱን ከሽማግሌው ተቀበለች። ገመዱ ጠበቅ አለ።

«ይዤሻለሁ እማዬ።»

እናት መንጠቆውን ፈታች፤ ሁለቱንም እጆቿን ከድንጋዩ ላይ አነሳች።