ከአህያዬ ወደ ክንዴ የተሻገረው ቁስል

መጀመሪያ የወጣብኝ ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ነው። ምስር የምታህል እብጠት፤ አታምም፣ አታሳክክ። እሾህ ነው ብዬ ተውኳት። ያን ሰሞን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የምታወርድልኝ አህያዬ የፊት እግሯ ቆስሎ፣ መግሉን በባዶ እጄ እየጨመቅሁ በጋለ ማጭድ እተኩሳት ነበር። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

እብጠቷ በሁለት ሳምንቷ ፈረጠች። ከዚያ ቁስሉ ክንዴን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። እንደ መቁጠሪያ ተሰካክቶ አንዱ ሲፈርጥ ሌላው ያብጣል። እኔም ለአህያዋ ያደረግሁትን ለራሴ አደረግሁ። ማጭዱን አግዬ ሦስቱን ተኮስኳቸው።

ባሰበት። ሸተተ። ጣቴ አልታጠፍ አለ። መጥረቢያ መያዝ ቀረ።

ባለቤቴ ብርቄ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሯ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ክንዴን አገላብጣ አየችና፣ «አባባ፣ የታመመ ከብት ነክተዋል?» አለችኝ።

«ከብት የለኝም» አልኩ። አህያዬን ይገድሉብኛል ብዬ ነው። ብርቄ አቀረቀረች።

አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ቀየሩልኝ። ወይ ፍንክች። ሦስት ወር እንዲሁ ሄደ። በመጨረሻ ዶክተሯ፣ «አጥንት ውስጥ ከገባ ጣትዎን ልናጣው እንችላለን» አለች።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን ስንወጣ ብርቄ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ ጣትህን ቆርጠው ሲጥሉት አህያዋ እንጨት ትፈልጥልሃለች?»

በነጋታው ተመልሼ እውነቱን ተናገርኩ። ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ የእንስሳት ፈንገስ በሽታ ለሚያጠና ሐኪም ደወለች። ሰውዬው ቤታችን መጥቶ፣ ጓንት አጥልቆ ከአህያዋ እግር ናሙና ወሰደ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባቴ፣ የተኮሱትማ ተጠብሷል፣ ለናሙና አይሆንም፤ ያልተኮሱት አለ?» አለ። ክርኔ አጠገብ ያለችውን አሳየሁት፤ ከእሷም ሐኪም ቤት ዶክተሯ ናሙና ወሰደች።

ላቦራቶሪው ሳምንታት ፈጀ። «ስፖሮትሪኮሲስ ይባላል፤ ፈንገስ ነው» አለች ዶክተሯ። «ከአህያዋም ናሙና የበቀለው እሱ ነው። አንቲባዮቲክ አይነካውም።»

ኢትራኮናዞል የሚባል እንክብል ስድስት ወር ዋጥኩ። ሆዴን እየቆረጠኝ፣ ጉበቴን በየጊዜው በደም ምርመራ እያዩልኝ፣ አንዳንድ ቀን ከበሩ እስከ አጥሩ መሄድ እየታከተኝ፣ ቁስሉ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እየደረቀ ወረደ። ጣቴ ተረፈ፤ ግን ግማሽ ብቻ ነው የሚታጠፈው። አህያዋን ማንም ሊገድላት አልመጣም። ሰውዬው ለብቻዋ አስሮ፣ ጭነት ከልክሎ፣ ሲያክማት ቆየ። ግን እግሯ አልቆ ነበር፤ በክረምቱ ሞተች። «ቀደም ብለው ቢነግሩን ኖሮ» አለኝ ሰውዬው።

ለሁለቱ ሐኪሞችና ለብርቄ ምስጋናዬን እዚህ ላይ አኖራለሁ። እናንተ እንጨት የምታወርዱ፣ ከብት ያላችሁ፤ የቆሰለ እንስሳ ያለ ጓንት አትንኩ፣ ጓንት ከሌለ ላስቲክ እጃችሁ ላይ እሰሩ። ቁስል አትተኩሱ፣ የእንስሳም የራሳችሁም። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደግሞ አትዋሹ። እኔ አህያዬን ላድን ብዬ ነው የዋሸሁት።