ለሩቅ መንገድ የመረጥኳት ቀይ ሞተር

ዛሬ ልገዛት ያሰብኳት ሞተር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የሻጩ እናት ከቤት ወጥተው መሪዋን ግጥም አድርገው ያዙ።

«ልጄ፣ አንተም ሩቅ ልትሄድባት ነው?»

ከድሬ እስከ አርባ ምንጭ ልነዳት እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ከፍ ያለች፣ ለኮረኮንች የምትመች፣ ብዙ ነዳጅ የምትይዝ ናት።

«ታላቁ ልጄም እንዲሁ ብሎ ነበር። በዚህችው ሞተር ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው፤ አልተመለሰም።»

ሻጩ መሬት መሬት እያየ «እማዬ፣ ተሠርቷል እኮ!» አለ።

ወደ መልካ ጀብዱ ወጥቼ ሞከርኳት። መጀመሪያ ፍሬኑ ደህና ያዘ። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ፍሬኑ ባዶ ሆነ፤ አሸዋ ውስጥ ገብቼ ነው የቆምኩት።

(በድሬ ሙቀት በረደኝ ብል ማን ያምነኛል?)

እየገፋሁ መለስኩለት። ስወጣ በስልክ «ና አቦ፣ አልተሸጠችም!» ሲል ሰማሁት።

ድሬ ላይ ቀይ ሞተር ልትገዙ የተቀጣጠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አሁኑኑ ጻፉልኝ። እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል?