ቁርስዎን ይተዉት ያልኩ እኔ ነኝ

ይህን ነገር ይዤው ዓመታት ኖርኩ። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስናዘዝ "ዋሽቻለሁ አባቴ" እላለሁ እንጂ፣ ማንን ዋሸሽ፣ በምን ዋሸሽ ብለው እንዳይጠይቁኝ ቶሎ ብዬ ወደ ሌላው ኃጢአት እሻገር ነበር። ኃጢአትን በኃጢአት የሚሸፍን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። አሁን ግን ሳላሳምር፣ እንደሆነው ልናገር።

የምኖረው መርሳ ነው። አስፋልቱ ዳር የሴት ልብስ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሁለተኛውን ልጄን ከወለድኩ በኋላ በጣም ወፍሬ ነበር፤ ከምሸጠው ቀሚስ አንዱ እንኳ አይገባኝም። ከዚያ ወልድያ እናቴ ዘንድ ለበዓል እንደሄድኩ ታይፎይድ ያዘኝ። ስንት ቀን እንደተኛሁ አላውቅም፤ ውሃ እንኳ አልረጋልኝ ብሎ ነበር። መርሳ ስመለስ ጉንጬ ገብቶ፣ ወገቤ ጠቦ ነው። ሱቅ የምትገባ ሴት ሁሉ ከቀሚሱ ይልቅ እኔን ታያለች።

"በምን ቀነስሽ? ምን ብታደርጊ ነው?"

ታምሜ ነው ብል ምን ነበረበት? ግን በሕይወቴ ያን ያህል ሰው በምቀኝነት ዓይን አይቶኝ አያውቅም፤ ጣመኝ። በስልኬ አንድ ጡንቸኛ ወጣት "ቁርስ የሚባል ነገር ተዉ፣ ስባችሁ ይቀልጣል" ሲል ሰምቼ ነበር። እሱን ያዝኩና "ቁርስ ትቼ ነው" አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻ አጣሁ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው መንገድ የሚራመዱ የሰፈር ሴቶች ነበሩ። ከፊት አስቀደሙኝ። "አሰልጣኛችን" ይሉኝ ጀመር። እኔም እየተራመድኩ ስለ ስብ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጉበት አስተምር ነበር፤ የማላውቀውን። ታይፎይዱ ከለቀቀኝ ወዲህ ሆዴ ባዶነት አይችልም። እና ከእግር ጉዞው ስመለስ ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ትናንት በተረፈው ወጥ ፍርፍር አድርጌ እበላ ነበር። ምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ ቶሎ ቶሎ እያላመጥኩ፣ ሰው እንዳያንኳኳ ጆሮዬን ወደ በሩ አድርጌ። አፌን አጥቤ ወደ ሱቄ ስሄድ ደግሞ "እኔማ እስከ ምሳ ውሃ ብቻ ነው" እላለሁ።

ከሚራመዱት ሴቶች መካከል እትዬ ዘነቡ ነበሩ። የባሌ የደምሌ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ደምሌ ጡት ሳይተው ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሱን ከፍ ለማድረግ ብለው የራሳቸውን ትዳር አዘግይተዋል። ባላቸው ካረፉና ልጃቸው አበባ ወልድያ ካገባች በኋላ፣ ፓፓያና ብርቱካን በሞላበት ግቢያቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ብቸኝነቱ አይከብዳቸውም። ግቢያቸውን እንደ ሰው ያጫውቱታል።

እትዬ ዘነቡ የስኳር በሽታ አለባቸው። ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋሉ። ሐኪሙ መጾም ከልክሏቸዋል፤ የንስሐ አባታቸውም "ይብሉ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን ያፍሩ ነበር። በሁዳዴ ጎረቤቱ ሁሉ ሳይቀምስ ቅዳሴ ሲሄድ፣ እሳቸው ጓዳ ገብተው ነጠላቸውን ተከናንበው ነው የሚጎርሱት። እኔ ይህን አውቅ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! እሳቸውም እኔም በየጓዳችን ተደብቀን እንበላ ነበር፤ እሳቸው በእምነታቸው አፍረው፣ እኔ በውሸቴ።

አንድ ጠዋት ስንመለስ ድልድዩ ጠርዝ ላይ አረፍ አልን። እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ፣ በሽታው ነው ያከሳሽ ብዬ ነበርኮ እኔ።"

"በሽታውማ መጥቶ ሄደ እትዬ። ቁርስ በመተዌ ነው።"

"እንግዲያው እኔም ብተወው ምን ይመስልሻል? ሐኪሙም ክብደት ቀንሺ ብሎኛል።"

ከሴቶቹ አንዷ "እሳቸው እኮ መርፌ አላቸው" አለች። ሁሉም አዩኝ። አላውቅም፣ ሐኪምዎን ይጠይቁ ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር? አላውቅም የሚለው ቃል ከአፌ ቢወጣ አሰልጣኝነቴ ይወርዳል ብዬ ሰጋሁ። ስለ አንድ ባዶ ስም ብዬ፣ ባሌን ያሳደጉ ሴት ሕይወት ላይ ፈረድኩ።

"ምንም አይሆኑም" አልኩ። "እንዲያውም ለስኳር ጥሩ ነው። መርፌዎን እንደ ወትሮው ይውጉ፣ ቁርስዎን ይተዉት።"

ፊታቸው ፈካ። "እውነትሽን ነው? እንግዲያ እንደ ሰው መጾምም እችል ይሆናል" አሉ፤ እጄን ያዝ አድርገው።

ከዚያ ወዲያ በጥቂት ቀን ውስጥ ሱቄ መጡ። ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር። "ጠዋት ጠዋት እጄን ያንቀጠቅጠኛል፤ ዓይኔም ብዥ ይላል" አሉኝ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ቁርሱን በመተዋቸው እንደሆነ ልቤ ነገረኝ። ግን የምትለካ ደንበኛ መጋረጃው ውስጥ ነበረች፤ ትሰማለች። "ሰውነትዎ እየለመደ ነው እትዬ፣ ይታገሱ" አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። አመስግነውኝ!

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታቸው እየሮጠች መጣች። እትዬ ዘነቡ ለውሻቸው ገንፎ ሲያገነፉ ራሳቸውን ስተው ምድጃው ላይ ወድቀዋል። ቀኝ እጃቸው ፍሙ ውስጥ ነበር። ደምሌ በባጃጅ ይዟቸው ሆስፒታል ሲደርስ እኔ ከኋላ ደረስኩ። ሐኪሙ ግሉኮስ ሲሰጣቸው ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ ወደ እኛ ዞረ።

"መርፌውን ወስደዋል፣ ምግብ ግን አልበሉም። ይህ ይገድላል። ማነው እንዲህ ያድርጉ ያላቸው?"

ደምሌ እኔን አየኝ። ከእሳቸው ጋር ጠዋት ጠዋት የምውለው እኔ ነኛ። እኔም አፌን ከፈትኩ። የሆዴን ልናገር የከፈትኩት መስሎኝ ነበር። የወጣው ግን ይህ ነው፦

"እኔ እንጃ። ጾም ይናፍቃቸዋል። ተደብቀው ጾመው ይሆናል።"

ሰው ሲታመም የሚዋሽ አለ፤ ለማጽናናት። እኔ የተኛ ሰው ላይ ዋሸሁ። ደምሌ ፊቱ ተለዋወጠ። ከፍቅሩም ከድንጋጤውም ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በሐኪሙና በአስታማሚው ሁሉ ፊት ያሳደጉትን እህቱን ተቆጣ። "ሐኪም ብዪ ይልሻል፣ ቄስ ብዪ ይልሻል፤ አንቺ ከማን በልጠሽ ነው? ራስን መግደል ጽድቅ ነው?" አላቸው።

እትዬ ዘነቡ እኔን አዩኝ። ረዥም አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መልሰው "አዎ፣ ጾሜ ነው" አሉ።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እኔ ሰማሁ። እኔ ዝም አልኩ።

ለእጃቸው ወልድያ ተላኩ። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቻቸው ግን ተኮራምተው ቀሩ። ከዚያ ቤተሰብ ተሰብስቦ መከረ። አበባ "እናቴ ብቻዋን ከሆነች ተደብቃ ትጾምና ትሞትብኛለች" ብላ አለቀሰች። ወልድያ እንድትወስዳቸው ተቆረጠ። እትዬ ዘነቡ "ከቤቴ አታውጡኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ እበላለሁ፣ እምላለሁ" እያሉ ለመኑ። ማንም አላመናቸውም። ለምን ይመኗቸው? ውሸታም አድርጌያቸው የለ። እኔ እንግዶቹን አስተናግድ ነበር፤ ሰሃን ይዤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ለመናገር ስንት ጊዜ ነበረኝ!

ግቢያቸው ተከራየ። ወልድያ አበባ ቤት አንዲት ክፍል ተሰጣቸው። ለበዓል ስንሄድ አየሁ፤ ጠዋት አበባ ከፊታቸው ቆማ፣ እስኪጎርሱ፣ እስኪውጡ ትጠብቃለች። ወንድማቸውን አጉርሰው ያሳደጉ ሴት እንደ ሕፃን አፋቸው ይታያል። አንድም ቀን ያን ነገር አላነሱብኝም። ልጆቼን ይጠይቁኛል፣ ሱቁን ይጠይቁኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ልጄ ማህሌት አደገች። በቅርቡ እሷም ሳትበላ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። "እወፍራለሁ" ትላለች። አንድ ጠዋት አባቷ አስቆማት።

"አክስትሽን አታዪም? ሐኪም አልሰማ፣ ቄስ አልሰማ ብላ አይደል እጇን ያጣችው?"

"እትዬ ሞኝ ናቸው እንዴ?" አለችው።

"ሞኝስ አይደለችም፤ እልኸኛ ናት።"

ያን ጊዜ ነው ያልቻልኩት። እጄ ላይ የነበረውን ዳቦ አስቀመጥኩና "ተሳስተሃል" አልኩት። ልጄ ፊት ሁሉንም ነገርኩት፤ ድልድዩን፣ ሱቁን፣ ሆስፒታሉን፣ በር ዘግቼ እበላ የነበረውን ፍርፍር ሳይቀር። ደምሌ አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"እኔ ስቆጣት አጠገቤ ቆመሽ ትሰሚ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰና ወደ መናኸሪያው ሄደ። ወልድያ አደረ። ሲመለስ ዓይኑ አብጦ ነበር። እህቱን ለምን ዝም አልሽ ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል። እንዲህ አሉት አለኝ፦ "ያን ቀን ብናገር ትፈታት ነበር። ልጆችህ ትንንሾች ነበሩ። እናት የሌለው ልጅ ሲያድግ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም፤ እኔ ነኝ የማውቀው።"

ደምሌ ከእኔ ጋር ይኖራል። ብዙ አያወራኝም። ለሱቅ ደንበኞቼም በታይፎይድ እንደከሳሁ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ መምጣት ተዉ። እትዬን ወደ ቤታቸው እንመልስዎ ብንላቸው "በዚህ እጅ ምን ልሠራ?" ብለው እምቢ አሉ።

እኔም ብቻዬን ወልድያ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በደህናው እጃቸው አነሡኝ።

"ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል" አሉ። "ድልድዩ ላይ ያልሽውን ባለማወቅ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ሆስፒታሉንም ፈርታ ነው ብያለሁ። ግን ሱቅሽ መጥቼ እጄን ያንቀጠቅጠኛል ስልሽ፣ ያን ጊዜ ገብቶሽ ነበር። ፊትሽን አይቼዋለሁ። ለምን ይታገሱ አልሽኝ?"

ደንበኛ መጋረጃው ውስጥ ነበረች ልበላቸው? እሳቸው ጥያቄያቸውን ጠይቀው እስኪበቃቸው ጠበቁኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። እስከ ዛሬም ለዚያ ጥያቄ የማቀርበው ምክንያት የለኝም፤ እናንተም እንድትፈልጉልኝ አልለምንም።